የትኛው ቦሎቄ ፎስፈረስ በሌለበት አፈር ይሻላል? በራሳችሁ ማሳ የመፈተሻ መመሪያ

«ብዙ ማዳበሪያ ሳልጨምርበት የሚያፈራልኝ የቦሎቄ ዝርያ የቱ ነው?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። የአንድ ዝርያ ስም ጠርቼ ብመልስ ቀላል ነበር። ግን ጠያቂውን አሳስተዋለሁ። ዝርያው አንዱ አፈር ላይ ጎበዝ ሆኖ ሌላው ላይ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ መልሱን ራሳችሁ እንድታገኙት የአሠራሩን ሂደት እዚህ ጽፌዋለሁ። አንድ የምርት ወቅት ይፈጃል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሚዛን፣ አካፋና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ይህን ክፍል አትዝለሉት። ቀጥሎ የምትለኩት ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ፎስፈረስ አፈር ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንጥረ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ናይትሮጅን በናይትሬት መልክ ከውኃ ጋር ወደ ሥሩ ይመጣል። ፎስፈረስ ግን ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። አሲዳማ አፈር ላይ ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል፤ ኖራማ አፈር ላይ ደግሞ ካልሲየም። ሥሩ መጥጦ የሚጨርሰው በዙሪያው ያለውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አፈር መንካት አለበት። ባጭሩ ፎስፈረስ ወደ ሥሩ አይመጣም፤ ሥሩ ነው የሚሄድለት።

ደግሞም ተክሉ ሊወስደው የሚችለው ፎስፈረስ በብዛት የሚገኘው በላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ቅጠልና ገለባ የሚበሰብሰው እዚያ ነው፤ ማዳበሪያም የሚገባው እዚያው ነው። ስለዚህ ሥሩን በላይኛው አፈር ውስጥ ወደ ጎን የሚዘረጋ ዝርያ፣ ሥሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ከሚሰድ ዝርያ የተሻለ ዕድል አለው።

ዝርያዎች የሚለያዩት በዋናነት በእነዚህ ነው፦

- የዙሪያ ሥሮች፦ ከዋናው ሥር አናት ላይ ዙሪያውን የሚወጡት ናቸው። በቁጥርም በአቅጣጫም ይለያያሉ።
- የአንገት ሥሮች፦ ከዙሪያ ሥሮች ከፍ ብሎ፣ አፈር ውስጥ ካለው የግንዱ ክፍል የሚወጡ ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። ለገጽ ቅርብ ሆነው ወደ ጎን ይሄዳሉ። ለተክሉ ብዙም ወጪ የላቸውም።
- የሥር ፀጉር፦ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብዙ አፈር ይነካል።
- ከሥሩ የሚመነጩ አሲዶችና ኢንዛይሞች፦ የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈታሉ። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም።
- የውስጥ ቁጠባ፦ አንዳንዱ ዝርያ ከወሰደው ከእያንዳንዱ ግራም ፎስፈረስ ብዙ ፍሬ ያወጣል።

ለምሳሌ በፎስፈረስ ጥናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱ ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ ጂ19833 እና ዶር364። የመጀመሪያው ፎስፈረስ ባነሰበት አፈር የሚበረታ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው አፈር ይደክማል። ሁለቱም ቦሎቄ ናቸው። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ሥራቸው ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ከ4 እስከ 6 ዝርያ ዘር። አንድ ዝርያ በ6 መደብ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሁለት ፍሬ ስለሚዘራ፣ ለአንድ ዝርያ 1,440 ፍሬ ያህል ያስፈልጋል። 100 ፍሬው 20 ግራም ለሚመዝን ደቃቅ ቦሎቄ 290 ግራም ገደማ፣ 100 ፍሬው 50 ግራም ለሚመዝን ትልቅ ቦሎቄ ደግሞ 720 ግራም ማለት ነው።
- ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት ማዳበሪያ
- እስከ 1 ግራም የሚለይ ሚዛን
- ሜትር፣ ገመድ፣ ችካል
- አካፋ፣ ባልዲ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና
- ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያ) ወይም በካርቶን ላይ የተሳለ
- 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ
- ወረቀት ፎጣ፣ ብርጭቆዎች፣ ጥቁር ወረቀት
- ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይጠፋል።

ደረጃ 1፦ አፈሩን አስመርምሩ

ከማሳው ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ውሰዱ። በባልዲ ቀላቅላችሁ ግማሽ ኪሎ ያህሉን ለላቦራቶሪ ስጡ። ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የአሲድነት መጠን (ፒኤች) እና ተክል ሊወስደው የሚችል ፎስፈረስ።

ለምን? አፈሩ ፎስፈረስ ከጠገበ ሁሉም ዝርያ ጎበዝ ይመስላል። በኦልሰን ዘዴ ሲለካ በኪሎ ግራም አፈር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ለዚህ ሙከራ ደህና ቦታ ነው። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ላቦራቶሪው የብሬይን ዘዴ ሊጠቀም ይችላል። የሁለቱ ዘዴዎች ቁጥር እርስ በርስ አይነጻጸርም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የዘዴውንም ስም ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ከሆነ አሉሚኒየም ሥሩን ሊመርዘው ይችላል። የተመረዘ ሥር አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ የደነዘ ይሆናል። እንዲህ ባለ አፈር የምትፈትኑት የፎስፈረስ አጠቃቀምን ሳይሆን አሉሚኒየምን መቋቋምን ነው። ወይ አስቀድማችሁ ኖራ ጨምሩ፣ ወይ ሌላ ቦታ ምረጡ።

ደረጃ 2፦ ዝርያና ዘር ምረጡ

አመላቸውን በደንብ የምታውቁትን አንድ ዝርያ እንደ ማነጻጸሪያ አስገቡ። ሌሎቹ በአበቃቀል የሚመሳሰሉ ይሁኑ። ቆሞ የሚያድገውን ከሚሐረገው ጋር አታወዳድሩ። የመድረሻ ጊዜያቸውም ቢቀራረብ ይሻላል፤ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ፎስፈረስ ለመፈለግ ትርፍ ሳምንታት ያገኛልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ዘሩ ሁሉ በአንድ ወቅት ከአንድ ማሳ የተሰበሰበ ይሁን። ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚኖረው ዘሩ ውስጥ በተከማቸው ፎስፈረስ ነው። ከለም መሬት የመጣ ዘር ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ ከተራቆተ መሬት የመጣው ባዶ እጁን ነው። እኔ አንድ ወቅት ሙሉ የደከምኩበትን ሙከራ የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከሁለት ቦታ የመጣ ዘር ዘራሁ። አንዱ ዝርያ ገና ከመብቀሉ በረታ። ያወዳደርኩት ግን ዝርያውን ሳይሆን ዘሩ የመጣበትን መሬት ነበር። አንድ ዓይነት ምንጭ ካላገኛችሁ ዝርያዎቹን ሁሉ አንድ ወቅት አንድ ቦታ ላይ አባዝታችሁ ጀምሩ። ወቅቱ ቢያልፍም ያዋጣል።

ደረጃ 3፦ ቤት ውስጥ የወረቀት ፍተሻ አድርጉ

ከእያንዳንዱ ዝርያ መጠናቸው የተቀራረበ 10 ጤነኛ ፍሬ ውሰዱ። እርጥብ ወረቀት ፎጣ ላይ በአንድ መስመር ደርድሩና ጠቅልሉ። ጥቅሉን 2 ሳንቲ ሜትር ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁሙ። ሞቅ ያለና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት።

በ3ኛው ቀን ፍቱት። ሥሩ ከግንዱ የሚገናኝበትን ቦታ በሌንስ ተመልከቱ። ነጫጭ ትንንሽ ጉብታዎች ዙሪያውን ተደርድረው ታያላችሁ። እያንዳንዱ ዙር ብዙ ጊዜ 4 ጉብታ አለው። አንዱ ዝርያ 1 ዙር ብቻ ይኖረዋል፤ ሌላው 2፣ ሌላው 3። ይህ ማለት 4፣ 8 ወይም 12 የዙሪያ ሥር ማለት ነው። ከላይኛው ዙር የሚወጡት ወደ ጎን ያዘነብላሉ፤ ከታችኛው ዙር የሚወጡት ወደ ጥልቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ 3 ዙር ያለው ዝርያ ሁለቱንም የአፈር ክፍል የመድረስ ዕድል አለው።

በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን አዲሶቹን ሥሮች ጥቁር ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ፀጉራቸውን እዩ። «ረጅም»፣ «መካከለኛ»፣ «አጭር» ብላችሁ መዝግቡ። ይህን ከማሳ ላይ በተቆፈረ ሥር አትሞክሩት። ፀጉሩ ከአፈሩ ጋር ተበጥሶ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ መደቦቹን አዘጋጁ

አንድ መደብ 2 ሜትር በ3 ሜትር ይሁን። በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት 4 መስመር ይይዛል። እያንዳንዱ ዝርያ ፎስፈረስ ባለበትም በሌለበትም ይዘራል፤ ይህም 3 ጊዜ ይደገማል። ለ4 ዝርያ 24 መደብ ይሆናል።

ሦስቱን ድግግሞሾች እንዲህ አድርጓቸው። ማሳው ተዳፋት ከሆነ አንዱ ድግግሞሽ ከላይ፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከታች። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ክፍል ለዩ፤ አንዱ ፎስፈረስ የሚያገኝ፣ አንዱ የማያገኝ። በሁለቱ መካከል 1 ሜትር መንገድ ተዉ፤ ጎርፍና ኩትኳቶ ማዳበሪያውን እንዳያሻግሩት። ማዳበሪያ ያለው ክፍል ሁልጊዜ ከላይ በኩል አይሁን።

የዝርያዎቹን ቦታ በእጣ አውጡ። ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከኮፍያ ውስጥ እያወጣችሁ መድቡ። ለእያንዳንዱ ክፍል እንደገና እጣ አውጡ። የወደዳችሁትን ዝርያ ጥሩ መሬት ላይ ሳታስቡት ልታስቀምጡት ትችላላችሁ፤ እጣ ከዚህ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 5፦ ፎስፈረሱን መዝናችሁ ጨምሩ

በሄክታር 100 ኪሎ ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት እንጠቀማለን። ይህ 20 ኪሎ ንጹህ ፎስፈረስ ማለት ነው። ለ6 ካሬ ሜትር መደብ 60 ግራም ይደርሳል፤ ለአንድ መስመር 15 ግራም። አራቱን 15 ግራም ቤት ውስጥ መዝናችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ ውጡ። ነፋስ ላይ መመዘን አይሆንም። ቦዩን ክፈቱ፣ ማዳበሪያውን እኩል በትኑ፣ ከዘሩ ጋር እንዳይነካካ አፈር አልብሱት።

ዳፕ ብቻ ቢኖረኝስ? ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ዝም ብላችሁ ከተጠቀማችሁበት ለውጡን ያመጣው ፎስፈረሱ ይሁን ናይትሮጅኑ አታውቁም። መፍትሔ አለው። 60 ግራም ዳፕ 10.8 ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ስለዚህ ፎስፈረስ ለማያገኘው መደብ 23.5 ግራም ዩሪያ ስጡት፤ ናይትሮጅኑ ይስተካከላል። ዩሪያ ዘሩን ያቃጥላል፤ አርቃችሁ ቅበሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ በሙከራው ቦታ ፍግ፣ ኮምፖስት ወይም አመድ አታስገቡ። ሁሉም ፎስፈረስ አላቸው።

ደረጃ 6፦ ዝሩና ተንከባከቡ

መጀመሪያ ፎስፈረስ የማያገኙትን መደቦች ዝሩ። ማዳበሪያ በነካ እጅ ወደዚያ አትሂዱ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ፍሬ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ከበቀለ በኋላ አንዱን ነቅላችሁ አንዱን አስቀሩ። የተክሉ ብዛት ካልተስተካከለ የምርቱ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

የባክቴሪያ ሕያው ማዳበሪያ ካገኛችሁ ለሁሉም መደብ ስጡ። ናይትሮጅን ከአየር የሚሠሩት የሥር እባጮች ብዙ ፎስፈረስ ይፈልጋሉ። ባክቴሪያው በሁሉም ዘንድ ካለ ልዩነቱ የፎስፈረስ ይሆናል። አረምና ተባይን በተመሳሳይ ቀን ተቆጣጠሩ።

ወደ ማሳው ስትሄዱ ዓይናችሁን ቅጠሉ ላይ ጣሉ። ፎስፈረስ ያጠረው ቦሎቄ ብዙ ጊዜ ቢጫ አይሆንም። ይልቅ ይቀጭጫል፤ ቅጠሉ ትንሽና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል፤ አበባውም ይዘገያል። ብዙ ሰው አረንጓዴነቱን አይቶ «ጤነኛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የየመደቡን ግማሽ ያህል ተክል ያበበበትን ቀን ጻፉ።

ደረጃ 7፦ አበባ ሲጀምር ሥሩን ቆፍሩ

ከየመደቡ 3 ተክል ይበቃል። ከዳር መስመሮች ውሰዱ፤ ከመስመሩ ጫፍ ግን ራቁ። የመሐሉ ሁለት መስመር ለምርት ይቆይ።

ከግንዱ 25 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን በአካፋ ቁረጡ። 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቃችሁ ከነአፈሩ አንሱት። በጭራሽ በእጅ አትንቀሉ። በእጅ የተነቀለ ተክል ዋናውን ሥር ይዞ ይወጣል፤ የምትፈልጓቸው ቀጫጭን የአንገት ሥሮች መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ያኔ ሁሉም ዝርያ አንድ ይመስላል።

ጓሉን ትንሽ ሳሙና ባለበት ውኃ ውስጥ ንከሩት። አፈሩ ራሱ ሲለቅ ቀስ ብላችሁ አለቅልቁ። ከዚያ ተክሉን በአፈር ውስጥ እንደነበረው ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና አራት ነገር መዝግቡ፦

የአንገት ሥሮች ስንት ናቸው? የዙሪያ ሥሮችስ? የዙሪያ ሥሮቹ ከአግድም መስመር ስንት ዲግሪ ያዘነብላሉ? ከ0 እስከ 30 ዲግሪ ከሆነ ገጽ ላይ የሚሄድ፣ ከ30 እስከ 60 መካከለኛ፣ ከ60 በላይ ጠላቂ በሉት። በመጨረሻ ጥቂት እባጮችን በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም።

ፎስፈረስ ያገኘውንና ያላገኘውን የአንድ ዝርያ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዳንዱ ዝርያ ፎስፈረስ ሲያጣ ሥሩን ወደ ላይኛው አፈር ያዞራል፤ የአንገት ሥሩንም ያበዛል። አንዳንዱ ግን ምንም አይለውጥም። ይህን በዓይን ማየት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። ፎቶ አንሡ፤ መለያ ወረቀቱ ፎቶው ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 8፦ ሰብስቡና መዝኑ

እያንዳንዱን መደብ በራሱ ጊዜ ሰብስቡ። ፎስፈረስ ያጣው መደብ ዘግይቶ ይደርሳልና ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨዱ። የመሐሉን ሁለት መስመር ብቻ፣ ከሁለቱም ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ። የቀረው 2.5 ካሬ ሜትር ነው። ፍሬውን እኩል አድርቃችሁ መዝኑ። የግራሙን ቁጥር በ4 አባዙ፤ በሄክታር ስንት ኪሎ እንደሆነ ይሰጣችኋል። 300 ግራም ከሆነ 1,200 ኪሎ ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው።

ዝርያ ሀ ያለ ፎስፈረስ 1,200 ኪሎ፣ ከፎስፈረስ ጋር 1,600 ኪሎ ሰጠ። ዝርያ ለ ያለ ፎስፈረስ 500፣ ከፎስፈረስ ጋር 1,700። ለእያንዳንዱ ኪሎ ፎስፈረስ የተጨመረውን ምርት እናስላ። ሀ፦ 400 ለ20 ሲካፈል 20። ለ፦ 1,200 ለ20 ሲካፈል 60። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ዝርያ ለ ሦስት እጥፍ ይበልጣል» ይላል። እውነቱ ግን ዝርያ ለ ስሌቱ ላይ ያማረበት ማዳበሪያ ሲያጣ ስለወደቀ ነው። ማዳበሪያ ለሌለው ሰው ሀ ከእጥፍ በላይ ያበላዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ፎስፈረስ የተገኘውን ምርት እዩ። ቀጥሎ ጭማሪውን። በሁለቱም ደህና የሆነ ዝርያ ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ ሳያገኝም ያፈራል፣ ሲያገኝም ያመሰግናል። ያለ ፎስፈረስ ደህና ሆኖ ሲጨመርለት የማይለወጥ ዝርያ ማዳበሪያ ለማይገዛ ሰው ይሆናል። ሲጨመርለት ብቻ የሚነሳው ደግሞ ለሚገዛ ሰው። በሁለቱም የወደቀውን ተዉት።

ሦስቱ ድግግሞሾች የማይስማሙ ከሆነ፣ ማለትም ሀ በአንዱ አንደኛ በሌላው መጨረሻ ከወጣ፣ ገና አልለየላችሁም። በሚቀጥለው ወቅት ድገሙት።

በመጨረሻ የምርቱን ዝርዝር ከሥሩ መዝገብ ጋር አጋጥሙ። ያለ ፎስፈረስ የበረታው ዝርያ ገጽ ላይ የሚሄድ ሥር አለው? ካለው ምክንያቱ ተገኝቷል። ከሌለው ወይ የሥር ፀጉሩ፣ ወይ አሲዱ፣ ወይ የውስጥ ቁጠባው ነው። ይህን ለመለየት የተክሉንና የፍሬውን ፎስፈረስ በላቦራቶሪ ማስለካት ያስፈልጋል። ያኔ የፎስፈረሱን መቶኛ ብቻ አትመልከቱ፤ በደረቅ ክብደቱ አባዙት። የቀጨጨ ተክል በመቶኛ ከፍ ያለ ሊመስል ይችላል፤ የወሰደው ጠቅላላ መጠን ግን ትንሽ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ያለ ማነጻጸሪያ መዝራት። ሁሉንም ያለ ፎስፈረስ ብቻ ከዘራችሁ ደካማው ዝርያ በፎስፈረስ ይሁን በሌላ ነገር እንደደከመ አታውቁም።
- አንድ ጊዜ ብቻ መዝራት። ከአንድ መደብ ሥር የቆየ የፍግ ክምር ቦታ ሊኖር ይችላል።
- የዳር መስመርን ምርት መመዘን። የዳር ተክል ሰፊ ቦታ ስላለው ከመሐሉ ይበልጣል።
- በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መፍረድ። ያኔ የሚታየው የዘሩ ስንቅ ነው።
- ትልቅ ፍሬ ያለውን ዝርያ በጉልበቱ ማመን። ትልቅ ፍሬ ብዙ ስንቅ ይዞ ይነሳል፤ ሥሩ ደካማ ከሆነ ግን አበባ ላይ ይያዛል።

ከመምረጣችሁ በፊት

ዝናቡ ቶሎ የሚቋረጥበት ቦታ ከሆነ ገጽ ላይ ብቻ የሚሄድ ሥር አደጋ አለው። ፎስፈረስ ከላይ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ውኃው ግን ከታች ነው። እንዲህ ላለ ቦታ በወረቀት ፍተሻው ላይ 3 ዙር ያሳየውን ዝርያ አስቀድሙ። እንዲህ ዓይነት ከሌለ ገጽ ላይ የሚሄድ ሥር ያለውንና ጠላቂ ሥር ያለውን ሁለት ዝርያ መሬቱን ከፍላችሁ ዝሩ።

የተመረጠውም ዝርያ ቢሆን ፎስፈረስ አይፈጥርም፤ ያለውን አሟጦ ያወጣል። 1 ቶን የቦሎቄ ፍሬ በግምት 4 ኪሎ ፎስፈረስ ከማሳው ይዞ ይሄዳል። ገለባውን ወደ ማሳው መልሱ፤ ፍግም ይሁን ማዳበሪያ፣ ቢያንስ የወጣውን ያህል በየወቅቱ ተኩ። በ3 ዓመት አንዴ አፈሩን በዚያው የመጀመሪያ ዘዴ አስለክታችሁ ከቀድሞው ቁጥር ጎን ጻፉት።